የመሪጌታ በቅሎና የእኔ ደመወዝ

በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ቆቦ ላይ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ የመድኃኒት ቅመማ ብማርም ደመወዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም፤ የእድገቴ ጣሪያም የመጋዘኑን ቁልፍ መያዝ ነበር። ሥር ምሰው፣ ቅጠል በጥሰው የሚያክሙት የዋጃው መሪጌታ ግን ሰጋር በቅሎ ነበረቻቸው። ባየኋት ቁጥር ዓይኔ ደም ይለብሳል።

በዚያ ክፉ ቀን የእኔ ደጅ ጭር ብሎ እሳቸው ዘንድ ሰው ተሰልፏል ሲሉኝ ቅናቱ አላስቀምጥ አለኝ። ጉዳቸውን ላወጣ ኩታዬን ተከናንቤ ሄድኩና ሰልፍ ያዝኩ።

ከፊቴ ያሉ ከሲታ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ «ምንህን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሆዴን።»

«የሁላችንም ሆድ ነው» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም «ራበኝ» ያለ የለም። የራያ ሰው መለመን ሞቱ ነው።

ተራዬ ሲደርስ መሪጌታ በቅጠል የተጠቀለለ ዱቄት ሰጡኝ። «ጧት በባዶ ሆድ በጥብጠህ ጠጣው። ለቤተሰብህም አካፍል፤ ለብቻ ከወሰዱት አያሽርም።»

ከአጥሩ ጥግ ደርሼ ቀመስኩት። በሶ ነው! ቀና ስል ባዶ ኮርቻ ከደጃፉ ተሰቅሏል።

«በቅሏቸውስ?» አልኳቸው ጥቅላቸውን ይዘው እዚያው ጥግ ያረፉትን ሽማግሌ።

«በገብስ ለወጧት እኮ» አሉኝ። «ይኸው፣ በእጅህ ይዘሃታል።»