ጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ

ሎሚ ስብሰባ ላይ አፏን የምትከፍተው ለማዛጋት ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። ነቀምቴ ውስጥ ለጀማሪዎች ፕሮግራሚንግ ታስተምራለች፤ ትእዛዞቹ በአማርኛ የሚጻፉበትን የኮምፒውተር ቋንቋ የሠሩት እሷና ባልደረባዋ ኢቢሳ ናቸው። ዛሬ ስብሰባ ላይ ኢቢሳ አንድ የምሳሌ ትእዛዝ ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ «ከሆነ» የሚለው ቃል ከቋንቋው ወጥቶ በምትኩ «?!» ይግባ አለ።

«ያጥራል እኮ፣ ኦቦሌቲ!» አላት፤ በኦሮምኛ «እህቴ» ማለቱ ነው።

ሎሚን ተማሪዎቿ ታዩዋት። ገና መልመድ ሲጀምሩ በዚህ ምልክት ደንግጠው ሊቀሩባት ነው። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ «እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው» አለችው።

«ዝናብ... ጥያቄ ምልክት... ቃለ አጋኖ... ጃንጥላ ያዝ።»

«ይሄ ትእዛዝ ነው ወይስ ጠብ?»

ኢቢሳ ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ የድሮውን አንቺ አንብቢዋ!»

«ዝናብ ከሆነ ጃንጥላ ያዝ።»

«እናቴም ከቤት ስወጣ ልክ እንዲሁ ነው በኦሮምኛ የምትለኝ» ብሎ ምልክቱን ከሰሌዳው ላይ አጠፋው።