ጥቁሯን መኪናዬን ዛሬን ብቻ አይንኩብኝ

ከሚሴ ውስጥ «የአብዱልጀሊል መኪና ቆሽሻ አታውቅም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወጥታም አታውቅም። እሱ ከቤት ገበያ በእግሩ፣ ከገበያ መስጊድ በእግሩ። ባቲ ሲሄድ ደግሞ በሚኒባስ፣ ያውም ጉልበቱ ከፊት ወንበር ጋር እየተጋጨ። መኪናዋ ቤት ትቀመጣለች። እኔ ሚስቱ መሪየም አንድ ቀን «ለመሆኑ ለምን ገዛሃት?» ብዬ ብጠይቀው፣ ከጅል ጋር እንደሚያወራ ሰው አየኝና «መንገዱን አላየሽውም እንዴ?» አለኝ። መንገዱንማ አይቼዋለሁ። የአዲስ አበባና የደሴ አስፋልት ነው፣ አገር ምድሩ ይሄድበታል።

ሰውየው ክፉ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። እህል ነጋዴ ነው። ማሽላውንም ጤፉንም ከጨፋ ገበሬ ይገዛል፣ ባቲ ወስዶ ይሸጣል። ወጣትነቱን የጨረሰው ጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ተደግፎ ነው። አንድ ጃኬት አለው፤ ስንጋባም እሱን ነበር የለበስከው ስለው ይቆጣል እንጂ አይክድም። ለራሱ ሻይ ሲያዝ እንኳ ያስብበታል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በስተርጅና ምን እንደነካው እንጃ፣ ጥቁር የቤት መኪና ይዞ ከች አለ። ከእንግዳ ቀድሞ ቤት የሚገባ አቧራ ባለበት ከተማ፣ ጥቁር።

በመጀመሪያው ሳምንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀለሟ ለስላሳ ነው» አለኝ፣ የልጅ በሽታ እንደሚነግረኝ ሁሉ። የመኪና ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም አሉ፣ ጠንካራም አለ ለስላሳም አለ። የሷ በደረቅ ጨርቅ ቢነኳት ትጫራለች፤ ጥቁር ስለሆነች ደግሞ ጭረቱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ይታያል። ይህን ያወቀው ላቫጆ ወስዷት ነው። ሚኒባስ በሚያጥቡበት ጨርቅ ዙሪያዋን ፈትገው መለሱለት። ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ታየ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። አባቱ የሞቱ ቀን እንኳ ሁለት ጉርሻ ቀምሷል።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ላይ ተተከለ። ፈረንጅ መኪና ሲያሻሽ ያያል፣ ሲያልቅ እንደገና ያያል። «ሴራሚክ ኮቲንግ የሚባል ነገር አለ መሪየም» አለኝ። ጠርሙሱ የዓይን ጠብታ ያህል ነው፤ ቀለሙ ላይ ይቀቡታል፣ ሲደርቅ ይጠነክርና ቀለሙን ይሸፍነዋል፣ ውሃም አቧራም አያስጠጋም። ግን ጭረቱ አስቀድሞ በፖሊሽ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ጭረቱን ከሥሩ አሽጎ ያስቀምጠዋል። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ጠይቄ አይደለም። ትራስ ላይ ሆኖ ሲተርክልኝ ነው የማድረው።

በዚህ መሃል የልጃችን የኢክላስ የኒካህ ቀን ተቆረጠ። የምታገባው ቶፊቅ የሚባል የጨፋ ልጅ ነው፤ አስተማሪ ነው፣ ሰው አክባሪ። የነሱ ወገን ለሙሽራዋ መኪና እንከራይ ብለው ሲልኩ ኢክላስ እምቢ አለች። አባቷ ፊት ቁጭ ብላ «አባ፣ ወርቁንም ልብሱንም ተወው። በአንተ መኪና፣ አንተው እየነዳህ አድርሰኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው። ይህቺ ልጅ ያደገችው አባቷን ስትጠብቅ ነው። እሱ ባቲ፣ እሱ ጨፋ፤ እሷ በር ላይ። የጭነት መኪና ድምፅ እያዳመጠች እዚያው እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ቢያንስ ያቺን አንድ መንገድ ከአባቷ ጋር ልትሄድ ፈለገች። እሱም ገባው፤ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ። «ኢንታላ ኮ፣ ቃሌ ነው» አላት። ልቡ ሲነካ «ልጄ» የሚለው በኦሮምኛ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ። ትንሽ ቆየና «እንግዲያው ልጄ በተጫረ መኪና አትወጣም» አለ።

ጠርሙሷን ከአዲስ አበባ አስመጣ። መጋዘኑን ባዶ አደረገው፤ የሰርጉ እህል መኝታ ቤታችን ገባ፣ መኪናዋ መጋዘን ገባች። እኔ ከጤፍ ጆንያ ጋር ተኛሁ። ጓሮ ለሰርጉ ደፋ ቀና የሚሉትን ሴቶች እየመጣ «እዚህ ጋ ዱቄት አትንፉ፣ ብናኙ ይሄዳል» ይላቸዋል። የት ሄደው ይንፉ? ወይ ቦርከና ወንዝ ወርደው ይንፉልህ አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ፖሊሹን የሚያሽከረክረው ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፣ ደስ ሲለው ይመጣል። መብራት በመጣ ቁጥር ባሌ ሮጦ መጋዘን ይገባል። የመጀመሪያውን ዙር በጠንካራው ስፖንጅ አሸው። ጭረቱ ለቀቀ፣ በምትኩ ጉም የመሰለ ነገር መላ ኮፈኑን ሸፈነው። ራሱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። ለስላሳ ቀለም እንዲህ ነው አሉ፣ ጭረት ማውጫውም ራሱ ይጭረዋል። እንደገና ጀመረ፣ በለስላሳው ስፖንጅ፣ እጁን ሳይጫን፣ ቀስ እያለ። በር ላይ ቆሜ አየሁት። ስንት ዓመት ወገቤን ሲያመኝ አንድ ቀን እንደዚያ አሽቶኝ አያውቅም።

ከዚያ የቀረ ቅባት እንዳይኖር በአልኮል ጠረጋት። ጎረቤቴ ፋጡሜ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ደርሷት፣ ጥግ ስባ ወሰደችኝና «አብዱልጀሊል ደህና ነው?» አለችኝ። «ደህና አይደለም፤ ግን የምታስቢው አይደለም» አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም።

መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ፣ ኮቲንጉ የተቀባው የሰርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሆነ። በጨርቅ የተጠቀለለ ስፖንጅ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ፣ አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ታች፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየከፈለ ቀባት። ቀስተ ደመና መሳይ ነገር ሲያወጣ ወዲያው በሌላ ጨርቅ ያብሰዋል፤ ካለፈው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል አለ። ሀቁን ለመናገር ሲጨርስ አፌን ያዝኩ። ማሻአላህ፣ መኪና አትበሏት። ጎንበስ ብዬ ፊቴን አየሁባት፣ ሽብሽቡን ሁሉ ሳታስቀር አሳየችኝ።

«እስከ ነገ ማታ እርጥብ ነገር እንዳይነካት» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ጠብታ ካረፈባት እድፉ አይለቅም።»

«ነገ እኮ ሰርግ ነው።»

«አውቃለሁ። ለሱ አይደል እንዴ የለፋሁት?»

በነጋታው የሙሽራው ወገን በሚኒባስና በባጃጅ ሆኖ መጣ። የእኛዋ መኪና ከመጋዘን ወጥታ ግቢው መሃል ቆማለች። ሪባን ማሰር ክልክል፣ አበባ መለጠፍ ክልክል፣ መደገፍማ አይታሰብ። የኋላ በሯን ለኢክላስ የከፈተላት እሱ ራሱ ነው፣ እጀታውን በጨርቅ ይዞ። ልጅቷ ግን ደስ ብሏታል፤ አባቷ ሊነዳት ነው፣ ሌላው ሁሉ አልታያትም።

በእኛ ቤት ወግ ሙሽራ ስትወጣ የምትሄድበት ነገር ሳይመረቅ አይነቃነቅም። ሽማግሌ ቅቤ ይቀባዋል፣ «እንትፍ እንትፍ» ይባላል፣ ዱዓ ይደረጋል። ከዚያ አባት እጁን ልጁ ራስ ላይ ጭኖ የራሱን ይመርቃል። የባሌ አጎት ሼህ ዓብዱ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚፈራቸው ሽማግሌ፣ ቅቤውን በጣታቸው ዝቀው ወደ ኮፈኑ ጎንበስ አሉ። ባሌ ዘሎ እጃቸውን ያዘ።

«አንቱ ሼህ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ዛሬን ብቻ አይንኩብኝ። ገና አልደረቀም።»

እዚህ አገር ሰው ብዙ ነገር እምቢ ሲል አይቻለሁ፤ ምርቃት እምቢ ሲል ግን ወላሂ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሼሁ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ምኑ ነው ያልደረቀው?» አሉት።

«ሴራሚኩ ሼህ። ልባሷ።»

«እና የእኔ ዱዓ ያበላሸዋል?»

«ኧረ ዱዓውስ አይደለም፣ ምራቁ ነው እንጂ» አለና፣ ያለውን ነገር ራሱም ሰማው። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሼህ ዓብዱ ዙሪያቸውን ቃኙ። ከኋላ ሙሽራው የተሳፈረባት የሾፌሩ የከማል ባጃጅ ቆማለች፣ የላስቲክ አበባ የተንጠለጠለባት፣ አቧራዋ ላይ ሰው ስሙን የጻፈባት። «ይህቺስ ደርቃለች?» ብለው ከማልን ጠየቁት።

«ዱሮ ሼህ፣ ከገዛኋት ጀምሮ» አለ ከማል።

ቅቤውን የባጃጇ ግንባር ላይ ለቀለቁት። «ሆራ ቡላ» አሉ፣ ርቡ ኑሩ፤ እንትፍ እንትፍ አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሕዝቡም «አሚን» አለ። የመኪናዋ የኋላ በር ተከፈተ። ኢክላስ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። «የት ነው ኢክላስ?» አልኳት። «እማ፣ የተመረቀው እዚያ ነው» አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ቶፊቅ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሴቶቹም ግራ ገብቷቸው በልምድ እልል አሉ።

አባቷስ? ሼሁ እጃቸውን ሲመልሱ አንዲት የቅቤ ጠብታ ኮፈኑ ላይ ወድቃ ነበር። አጎንብሶ በጨርቅ ጫፍ እሷን ያነሳል። ቀለሙ ለስላሳ ነው አይደል፣ ቀስ ተብሎ ነው። ቀና ሲል ባጃጇ የለችም።

«የት ሄዱ?» አለኝ።

«ጨፋ።»

«ኢክላስስ?»

«ሄደች እያልኩህ። ያንተ እጅ ሳያርፍባት ሄደች።»

ልጨምርለት ነበር፤ ስንት ነገር አዘጋጅቼለት ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። ያቺ ጉደኛ ኮፈን ደግሞ ያንን ፊት መልሳ ታሳያለች። «ግቢ» አለኝ የመኪናዋን በር ከፍቶ። የሙሽራ እናት ከቤት አትወጣም፤ እንግዳውን ጥዬ ገባሁ። ከተገዛች ጀምሮ የፊት ወንበሯ ላይ ስቀመጥ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

አስፋልቱን ለቀን ወደ ጨፋ ኮረኮንች ገባን። አቧራው ፊታችንን ጋረደው፣ ጠጠሩ ከሥር ጎኗን ይደበድባታል። ጠጠር ባረፈ ቁጥር የባሌ ትከሻ ይሸማቀቃል፤ እግሩን ግን ከነዳጁ አላነሳም። ብዙ ሳንሄድ ወደ ቦርከና ለውሃ የሚወርድ ከብት መንገዱን ሞልቶ አገኘነው። ባጃጇ ከፊት መሃላቸው ተቀርቅራ ቆማለች። ከብቱ ወደ እኛ ይመጣል፣ ቀንዱ ከመስታወታችን በላይ ነው።

ወደ ኋላ ቢመለስ መኪናዋ ትተርፋለች፤ ባጃጇ ግን መንገድ ሲከፈትላት ትሄዳለች፣ ልጅቷም ያባት ምርቃት እንደጎደላት ባሏ ቤት ትገባለች። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሞተሩን አጠፋና ወረደ። በሩን እንኳ አልዘጋም። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በከብቱ መሃል እየተጋፋ ሄደ። ኢክላስ አንገቷን ብቅ አደረገች። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ሁለት እጁን ራሷ ላይ ሲጭን ግን አየሁ፣ እሷም ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች። አለቀስኩ።

ያኔ ከብቱ እኔ ጋ ደረሰ። አንዱ በሬ በእኔ በኩል ያለውን በር በቀንዱ እየታከከ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲጥ አድርጎት አለፈ። ሌላው ተከተለው። አንዲት ላም ደግሞ ጨው መስሏት ይሆን እንጃ፣ ምላሷን ዘርግታ ኮፈኑን ላሰችው። እኔም እየተጫርን፣ እየተላስን፣ ከውስጥ ሆኜ «አሚን» አልኩ። የቀንዱ ድምፅ እስከ ባጃጇ ይሰማል። ባሌም ሰምቷል፤ ትከሻው ሽምቅቅ ሲል አይቻለሁ። ዱዓውን እስኪጨርስ ድረስ ግን እጁን ከራሷ ላይ አላነሳም፣ አልዞረምም።