ከውስጥ እጀታ ያልነበረው በር

የሠፈሩ ሰው አናጢውን «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ የመደርደሪያ ጠርዝ እንኳ ሳይለካ አያልፍምና። ይበልጥ የሚስቁበት ግን በሌላ ልማዱ ነው። በር ገጥሞ ሲጨርስ ውስጥ ገብቶ ይዘጋል፤ ጥቂት ቆሞ፣ «ተመስገን» ብሎ፣ ከፍቶ ይወጣል። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ «በር ለሚገባ ብቻ አይሠራም፣ ለሚወጣም ነው» ይሉት ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሳያደርግ ያስረከበው አንድ በር ብቻ ነው።

ያ በር ያለው ከእሱ የእንጨት መሥሪያ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ነጋዴ ተከራይቶት የማስፈራሪያ ቤት ሊያደርገው ተነሣ፤ ሰው ቲኬት ቆርጦ የሚገባበት፣ ደንግጦና ስቆ የሚወጣበት። ለአናጢው ፕላን አልሰጠውም። ጠርዙ የተበላ የአስፈሪ ታሪክ መጽሐፍ አስጨብጦት፣ ፕላኑ ይኸው፣ እንደተጻፈው ሥራልኝ አለው።

አናጢው ማንበብን ራሱ በራሱ ነው የተማረው፤ ስለዚህ መጽሐፍ ያከብራል። እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያነሣ፣ መስመር እያሰመረ፣ ሰባቱን ክፍሎች እንደ ታሪኩ ሠራቸው። ታሪኩ እንግዳ መቀበል ስለምትወድ አንዲት ሴትዮ ነው። እንግዳዋን በፈገግታ ከክፍል ወደ ክፍል ታሻግረዋለች፤ ሰባተኛው ክፍል ሲገባ በሩን ከኋላው ትዘጋለች። «በሩ ከውስጥ እጀታ አልነበረውም» ይላል መጽሐፉ።

እዚህ ላይ እጁ አልታዘዝ አለው። ነጋዴውን ለመነው። ነጋዴው ግን በረኛው ከውጭ ቆሞ በሦስት ደቂቃ እንደሚከፍት ነግሮ ሳቀበት። አናጢው በአፉ እሺ አለ። በእጁ ግን ከበሩ ግርጌ፣ ጉልበት አካባቢ፣ ስትዞር መሸጎሪያውን ከውስጥ የምትስብ ትንሽ የእንጨት ቁልፍ ደበቀ። ገብቶ ሊሞክራት ሲል ቀለም ቀቢው ባልዲውን ይዞ ደረሰ፤ ነገ ይከፈታል ተብሎ ሁሉም ይጣደፋል። ቀቢው ብሩሹን ቁልፏ ላይ ሲያሳልፍ አናጢው አየ። አየና ሳይሞክራት ሄደ።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጁ ከልብስ ስፌት ሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ የአባቷን ሥራ ሳታይ አታድርም። ልጅቷ አስም አለባት። ሊያስቀራት ሞከረ፣ እሷ ግን ሳቀች።

«አባዬ፣ አገር ምድሩን ለማስፈራራት ለፍተህ እኔን ልትከለክለኝ?»

ከኋላዋ ተከትሎ ገባ። መግቢያው ላይ ቦርሳ ሁሉ ይቀመጥ ተባለ፤ አስቀመጡ።

ምስማሩን አንድ በአንድ የሚያውቀው ቤት እንግዳ ሆነበት። ጭስ ይነፋል፤ ወለሉ እሱ ባልሠራው ድምፅ ያቃስታል። አምስተኛው ክፍል ላይ የሴትዮዋ አሻንጉሊት እጇን ዘርግታ ቆማለች። አብሯቸው የገባ አንድ ወፍራም ሰው አማቴ ቁርጥ እሷን ናት አለና ሁሉንም አሳቀ። አናጢው አልሳቀም። ሰባተኛው ክፍል ገቡ፤ በረኛው በሩን ዘጋው። ጨለማ ሆነ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ አትቸኩሉ» አለች ሴትዮዋ ከድምፅ ማጉያው።

ሦስት ደቂቃ አለፈ። ከውጭ እጀታው ተንቋቋ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ብረት ወለል ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ሰዉ የጨዋታው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። አናጢው ግን መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ ይህ ድምፅ እዚያ ውስጥ የለም። እንጨቱ በዝናቡ አብጧል፤ በረኛው በኃይል ሲስብ እጀታው ተነቅሎ ወድቋል።

«አትቸኩሉ» አለች ሴትዮዋ እንደገና።

ከጎኑ ቀጭን ፉጨት ሰማ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቀው ትንፋሽ ነው።

«አባዬ... መድኃኒቴ... ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

ተንበርክኮ ግርጌውን ዳበሰ። ቁልፏን አገኛት፤ አልዞር አለች። ቀለሙ እንደ ሙጫ ይዟታል። የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በጨለማ ዙሪያዋን ይፍቅ ጀመር። ወፍራሙ ሰው አንተም የቲያትሩ ሰው ነህ እንዴ እያለ ሲቀልድ፣ አናጢው ቀና ሳይል መለሰለት።

«በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳልሞክረው ነው ያስረከብኩት።»

ሳቁ ጠፋ። በክፍሉ የቀረው የሴትዮዋ ድምፅና የልጅቷ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ የልጅቷ ደግሞ እየራቀ ሄደ። አናጢው ለራሱ ምንም አልለመነም፤ ቁልፏ ትዙር ብቻ አለ። ጣቱ እየደማ ፋቀ። ቀጭ አለች። ወፍራሙ ሰው ትከሻውን ሰጠ፣ ሌሎቹም ተደገፉ፤ በሩ እያቃሰተ ተከፈተ።

ልጅቷ መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ስባ፣ መግቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች። ነጋዴው ሮጦ ሲመጣ አናጢው የመሣሪያ ሳጥኑን አስመጥቶ የበሩን ማጠፊያዎች እየፈታ ነበር። የሰባተኛው ክፍል ወሬ ግን ወጥቶ ኖሮ ውጭ ያለው ሰልፍ በእጥፍ ረዝሟል። ነጋዴው ሰልፉን አየና፣ በሩ እንዲሁ ያዝ እያደረገ ቢቆይስ ብሎ አንሾካሾከ። አናጢው በሩን በጀርባው አዝሎ በሰልፈኛው መሃል አልፎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን በሩን በእንጨት መሥሪያ ቤቱ መቃን ላይ ገጠመው፤ በሁለቱም በኩል እጀታ አለው። ገብቶ ዘጋ። ልጁ ከውጭ ሆና ተከፈተልህ ወይ ብላ ጠየቀችው። መልስ ከመስጠቱ በፊት የትንፋሿን መስተካከል አዳመጠ፤ «ተመስገን» ብሎ ወጣ።

ያን ጊዜ ከመጋዘኑ በኩል ለሰባተኛው ክፍል አዲስ በር የሚገጥም የሌላ አናጢ መዶሻ ተሰማ። ቆሞ ሰማው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የተረፈውን አንድ እጀታ ኪሱ ከተተና፣ ወደ መዶሻው ድምፅ መንገድ ጀመረ።