የተዋስኳቸው አባት

ይሄን ጃንጥላ ለምን አይጥሉትም ብለሽ ስትጠይቂኝ ይሄ ሦስተኛ ጊዜሽ ነው። አንዴ ሽቦው ዛገ አልሽኝ፤ አንዴ ኮምቦልቻ ላይ ምን ዝናብ አለና አልሽኝ፤ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ለጽዳት ሠራተኛዋ ልትሰጪብኝ ስትይ ደረስኩብሽ። በይ ተቀመጪና ልንገርሽ። የማክሰኞውንም ነገር አብሬ እነግርሻለሁ። ያንን የባጃጅ ሹፌር “ውሸታም ነው፣ ለምን ሻይ አዘዙለት” ብለሽ ፊትሽን እንዳጠቆርሽብኝ አልጠፋኝም።

መጀመሪያ ክፈቺውና አሽትቺው። አስጠጊ እንጂ፣ አይነክስሽም! እርጥብ ጨርቅና ማስቲሽ አይሸትሽም? ላንቺ ላይሸትሽ ይችላል። እኔ ግን በከፈትኩት ቁጥር ደሴ ፒያሳ ያለችው በረንዳ ከነጉሟ ትመጣብኛለች።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል። ቤታችን ሰኞ ገበያ ግድም ነው። አባቴ ጨርቅ ይነግዳል፤ እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። መጻፍ ስለማትችል ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ነበር በመጣ ሰው የምትልክልን። አባቴ አርብ ከጁምዓ ሲመለስ ያጫውተዋል። ካሴቱ በሰላምታ ይጀምርና ሁልጊዜ በኔ ያልቃል፦ “አንቺ ልጄ፣ ወንድሞችሽን አደራ። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።” እዚያ ላይ ሲደርስ ተነስቼ ወጥ ቤት እገባለሁ። ድምፅዋ ናፍቆኝ ይገድለኛል፣ ቃሉን ግን መስማት አልችልም። በሩ ከውጭ የተቆለፈብኝ ነበር የሚመስለኝ።

ወንድሞቼ ሁለት ነበሩ፤ ትንሹ ገና ጡት እንደጣለ ነው እናታችን የሄደችው። ከቦኖ ውሃ ቀድቼ፣ ትንሹን አጥቤ፣ ትልቁን አብልቼ፣ ቤቱን ጠርጌ ነው ትምህርት ቤት የምደርሰው። ደርሼስ? እንቅልፍ! ደብተሬ ላይ ተደፍቼ ነበር የምውለው። አንድ ጊዜ ታዲያ ትንሹ ትኩሳት ያዘውና ሦስት ቀን ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ስም ጠሪ መምህራችን በር ላይ አስቆመችኝ። “ወላጅ ሳትይዢ እዚህ ክፍል እግርሽ እንዳይገባ” አለችኝ።

ወላጅ ማለት አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ቀድሞ ተናግሯል። “ከትምህርት ቤት አንድ ቀን ከተጠራሁ፣ ወላሂ፣ ገጠር፣ ደጋን ያለችው አክስትሽ ጋ ነው የምልክሽ። ትምህርት የሚባል ነገር ያበቃል።” ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ሚስቱ ባሕር ማዶ፣ ሦስት ልጅ በእጁ፣ የጎረቤት ወሬ በጆሮው፤ ፈርቶ ነው። የፈራውን ያህል ግን ያጠብቅብን ነበር። ደጋን የሄደች የአጎቴ ልጅ ዓመት ሳይሞላት ባል ተፈልጎላት እንደቀረች አውቃለሁ። እና የት ልግባ? አባቴ ጋ ብሄድ ደጋን፤ ክፍል ብሄድ በሩ ዝግ፤ ቤት ብውል ይጠይቀኛል።

ሦስት ቀን ሙሉ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ደብተሬን አቅፌ ፒያሳን ስዞር ዋልኩ። የደሴን የበልግ ዝናብ ታውቂው የለ! የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ይሄዳል፤ እኔ በስስ ሹራብ እንቀጠቀጣለሁ። የማውቀው ሰው ፊት ባየሁ ቁጥር ጥግ እይዛለሁ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲበረታ አንዲት በረንዳ ስር ተጠለልኩ። እዚያ ጃንጥላና ጫማ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። ዙሪያቸውን ሽቦ፣ የሶል ቁራጭ፣ ክዳኑ የተከፈተ የማስቲሽ ቆርቆሮ።

ቀና ሳይሉ “አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ቤትሽ ወደዚህ ተዛወረ እንዴ?” አሉኝ።

“ኧረ አይ፣ ዛሬ የለንም።”

“ትላንትናም አልነበራችሁም፣ ከትላንት ወዲያም አልነበራችሁም። ሸጋ ትምህርት ቤት ነው ያገኘሽው!”

ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ልቅሶ ሆነብኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ካሴቱን፣ ትኩሳቱን፣ ደጋንን። ልጆች ወላጅ አምጡ ሲባሉ ከመናኸሪያ ተሸካሚ ለምነው “አጎቴ ነው” እያሉ ይዘው እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ። እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ፤ “አባቴ ይሁኑልኝ፣ ለአንድ ቀን ብቻ” አልኳቸው። የያዙትን ሽቦ አቃንተው ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተነሱ። “አብሽሪ” አሉ። “ኮፍያዬን ላራግፍና እንሂድ።”

አሁን ስትሰሚው ቧልት ይመስልሻል። እኔም የሆነ ነገር ቀባጥረው ይወጣሉ ብዬ ነበር። መምህሯ ግን አጥብቃ ያዘቻቸው። “ልጅዎ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ ይሄን ሁሉ ቀን ስትቀር የት ነበሩ? አያዩዋትም?” አለቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ። ጥፍራቸው ላይ ማስቲሹ ደርቋል።

“ጥፋቱ የኔ ነው፣ መምህርት። የእናቷን ሥራ ልጅ ጫንቃ ላይ ጭኜ፣ ልጅ መሆኗን ረሳሁት” አሉ። በዚህ አልበቃቸውም። ወደኔ ዞሩና፣ ወላሂ፣ ዓይኔን እያዩ “ልጄ፣ አፉ በይኝ። ደክሞሻል፤ አላየሁልሽም” አሉኝ።

አንቺዬ፣ በዚያ ዕድሜዬ ትልቅ ሰው ልጅን አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ካልወለዱኝ ሰው አፍ ነው ያገኘሁት። መሬቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ መምህሯም ደነገጠችና ግቢ አለችኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ አላበቃም። ሰውዬው አባትነቱን የምር ያዙት! ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ስመለስ በበረንዳው እንዳልፍ አዘዙኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ደብተሬን ግን ገጽ በገጽ ያገላብጣሉ። “ይቺ ቀይ ምልክት ሸጋ ናት ወይስ ክፉ?” ይላሉ። ሸጋ ናት ስላቸው “አልሐምዱሊላህ” ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ለጥቁሩም ለቡናማውም ጃንጥላ አረንጓዴ ክር ነበር የሚጠቀሙት፤ የጠገንኩትን እንዳውቀው ነው ይሉ ነበር። ሚስት አላቸው? ልጅ አላቸው? አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ስለ ራሴ ብቻ ሳወራ ነው ያ ሁሉ ሐሙስ ያለቀው።

ከዚያ ያቺ የተረገመች ቀን መጣች። ለአረፋ ጫማ ሊገዛልኝ አባቴ ፒያሳ ወሰደኝ። በሌላ መንገድ እንሂድ እንዳልለው ምን ምክንያት እሰጣለሁ? እጄን ይዞኛል፤ ያካፋል። በረንዳዋ ጋ ስንደርስ ሰውዬው አዩኝና ፊታቸው በራ። “ልጄ! የሒሳቡ ፈተና እንዴት ሆነልሽ?” አሉ።

አባቴ ቆመ። “ይሄ ሰውዬ ማነው?”

“አላውቀውም” አልኩ።

አንቱታውን እንኳ ነጠቅኳቸው፤ ይገባሻል? “አላውቀውም።” እጃቸው ላይ መርፌው እንደተንጠለጠለ ቀረ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው አባቴን “አፉ በሉኝ ወንድሜ፣ ዓይኔ ደክሟል። ከሌላ ልጅ ጋር ተመሳስላብኝ ነው” አሉት። አባቴም “ኧረ ምንም አይደል” ብሎ መንገዳችንን ቀጠልን። ጫማው ተገዛ። ልኬ ይሁን አይሁን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የሲኦል ነበር። አባቴ ዝም አለ፤ የዝምታው ነገር ነው የጨነቀኝ። ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ ከፊቱ እሸሻለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ ጀርባ ጃንጥላችን ተሰቅሏል። ዓመት ሙሉ ሽቦው ተሰብሮ የወደቀው ጥቁር ጃንጥላ፣ ተጠግኖ። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ስፌቱ አረንጓዴ ክር ነው። አባቴ ሄዷል ማለት ነው፤ ተነጋግረዋል ማለት ነው። እራት ላይ ግን ትንፍሽ አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እሑድ ዕለት አክስቴ ከደጋን ጓዟን ይዛ ከች አለች። ልትወስደኝ መጣች ብዬ እሪ አልኩ፤ የአልጋ እግር ይዤ አልለቅም አልኩ። ሴትዮዋ ግራ ገባት። “ምን ያስለቅስሻል? እኔ እኮ ልኖር ነው የመጣሁት! አባትሽ ልጅቱ ትማር፣ ቤቱን ያዢልኝ ብሎ እግሬ ላይ ወድቆ ነው ያመጣኝ” አለችኝ።

ሁለቱ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ይሄንኑ ጃንጥላ እስኪሞት ያዘው፤ ስለ ክሩ አንድ ቃል ሳይወጣው አልፏል። እኔም አልደፈርኩም። መምህሯ ባየችኝ ቁጥር “አባትሽን ሰላም በይልኝ” ትለኛለች፤ ለየትኛቸው ነው የማደርሰው? በፒያሳ ማለፍ ተውኩ፤ ዙሪያ ጥምጥም በጀርባ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ነገ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ። የስምንተኛ ክፍል ውጤቴ ሲመጣ ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ካልሲ የሚሸጥ ጎረምሳ ተቀምጧል። “ሽማግሌው? አገሩ ገባ” አለኝ። አገራቸው የት ነው ስለው “ደሴ ዙሪያ መሰለኝ” አለ። ደሴ ዙሪያ ስንት ቀበሌ አለው! ስማቸውን እንኳ አላውቀውም ነበር። ያ ውሸቴ እውነት ሆኖ ቀረ፤ አላውቃቸውም።

ይሄን ሁሉ አልፌ አስተማሪ ስሆን ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? “ወላጅ ሳትይዢ እንዳትገቢ!” ስንት ጊዜ ብያለሁ መሰለሽ። አንዷ ወጥታ በዚያው ቀረች። ወንበሯን ሳይ ማስተማር አቃተኝና ወደዚህ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ መጣሁ። እዚህ ወላጅ አምጡ የማልለው፣ ቤት ለቤት በእግሬ የምዞረው ለዚህ ነው። አንቺ ደግሞ ሴትዮዋ ቢሮ መቀመጥ አትወድም ትዪያለሽ!

ማክሰኞ ያቺ ተማሪ ከባጃጅ ሹፌሩ ጋር ስትገባ ገና አካሄዳቸውን አይቼ አውቄያለሁ። ትምህርት ቤቱ ወደኛ የላካት በመቅረት ብዛት ነው። እሱ “አጎቷ ነኝ” ይላል፤ እሷ ወለሉን ታያለች። ሻይ አዘዝኩለትና ውጭ ጠብቀኝ አልኩት። ያዘዝኩት ስለማምነው አይደለም፤ ብቻዋን ላናግራት ነው። ደግሞም የማይታወቅ ሰው ልጅ ይዞ ሲዞር ዝም እንደማይባል አውቃለሁ፤ አብሽሪ፣ ማን እንደሆነ ትላንት ሰፈራቸው ድረስ ሄጄ አጣርቻለሁ፤ የሚያሰጋ ሰው አይደለም። በሩን ዘጋሁና ጠየቅኳት።

“እውነት አጎትሽ ነው?”

ሹራቧን ስትጎትት፣ ስትጎትት ቆየች። እውነቱን ብትናገር ምን እንደሚመጣባት እያሰበች ነው፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። በመጨረሻ “አይደለም” አለች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ።

“ግን አውቀዋለሁ” አለች።

ስትገቢ ዓይኔ ቀልቶ ጉንፋን ይዞኝ ነው ያልኩሽ ያኔ ነው። በይ አሁን ጃንጥላውን አቀብዪኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጅቷ እናት ቤት እደርሳለሁ ብያለሁ። ዝናብ የለም እንዳትዪኝ፣ አውቃለሁ፤ ለፀሐዩም ቢሆን እይዘዋለሁ።