የወደቀ ብሬከር የሚያነሱ ደጋግ ሰዎች

ጋምቤላ ውስጥ የወደቀ የመብራት ብሬከር አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚውልበት ከተማ ስለሆነ፣ ማንሻው ወደ ታች ወርዶ ያየ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወድቋል፣ ላንሳው። ሳሙና ሊገዛ ሱቅ የገባው ያነሳል። ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣው ያነሳል። አንስቶም ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር ባለቤቱን ፈገግ ብሎ ያየዋል፤ ባለቤቱም ያመሰግነዋል። ማን አወረደው፣ ለምን አወረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ይህ ደግነት አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል እያልኩ ስጮህ ጉሮሮዬ ደርቋል።

ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ የሐጂ ወፍጮ ቤት ነው። ሐጂ የምላቸው ባለቤቱን ነው፤ ከደጋ መጥተው እዚሁ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፣ ደግ ሰው፣ ለእኔም እንደ አባት። ግን ግትርነታቸው! መጀመሪያ ያስጠሩኝ “ይሄ ብሬከር ሰነፍ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ተለቅ ያለውን ግጠምልኝ” ብለው ነበር። ሄጄ ሳይ ማንሻው እንዳይወርድ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ተጠፍሮ ታስሯል። ብሬከሩ ያለበት ሳጥን፣ የፓኔሉ በር፣ ንፋስ ይግባበት ተብሎ ወለል እንዳለ ነው። ውስጡ የበቆሎ ዱቄት ተጋግሮበታል፣ ጥጉ ላይ ተርብ በጭቃ ቤቷን ሠርታለች። መብራቱን ከቆጣሪው አስጠፍቼ፣ በቴስተር አረጋግጬ ብነካካው የአንዱ ፌዝ መስመር ብሎን ላልቶ ሽቦው ከሰል መስሏል።

“ሐጂ፣ ብሬከሩ የሚወድቀው ሽቦው እየጋለ ስለሆነ ነው። ትልቅ ብገጥምልዎ ሽቦው ይነዳል እንጂ እሱ አይወድቅም” አልኳቸው።

“ታዲያ እኔ እንዳይወድቅ አይደል የምፈልገው?” አሉኝ።

ከዚህ ሰው ጋር ምን ይባላል? የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጬ፣ ብሎኖቹን አጥብቄ፣ ዱቄቱን ጠርጌ፣ ላስቲኩን ወርውሬ፣ ለሽቦው የሚመጥነውን ብሬከር ገጠምኩ። መውደቁን ተወ። ሐጂ መረቁኝ። ምርቃቱ ሳይበርድ አንድ ነገር ልለምናቸው አልኩ፤ ለፓኔሉ በር ጓጉንቸር ቁልፍ።

ቁልፉ ያስፈለገኝ ለፈጪዋ ብዬ ነው። ወፍጮውን የምታሠራው አንዲት የአኙዋ ሴት ናት፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማ ሳቅ ያላት። ወፍጮው ሲታፈን ወይም ወንፊቱ ሲቀደድ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ውስጥ ትከታለች። የሞተሩ ማስነሻ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አስቀይሩት ብል ማን ሰምቶኝ! ስለዚህ ሞተሩን የሚያስነሳውም የሚያቆመውም ብሬከሩ ብቻ ነው። ሰው ብሬከሩን አነሳ ማለት ውስጥ ያሉት ብረቶች ዞሩ ማለት ነው። ፓኔሉ ደግሞ የት ነው? በሩ ጎን፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ ትከሻውን የሚያስደግፍበት ግድግዳ ላይ።

“ደንበኞቼ እህላቸውን እዚህ ጥለውልኝ ገበያ ውለው ይመጣሉ” አሉ ሐጂ። “እኔ ደግሞ በፊታቸው ልቆልፍ? ሌባ ናችሁ ልበላቸው?”

“የሚቆለፈው ሰው ላይ አይደለም፣ መብራቱ ላይ ነው።”

“ልጄ፣ ቁልፍ ቁልፍ ነው።”

ተናድጄ ካርቶን ላይ “አትንኩ” ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ። የአማርኛ ፊደል የማያነብ ብዙ ሰው አለ ብዬም እጅ ሣልኩና በቀይ ሰረዝኩበት። በማግስቱ አንድ አባት ብሬከሩን ሲያነሱ ደረስኩ። ሥዕሉን ባሳያቸው “አዎ፣ እጅ የሚደረገው እዚህ ነው ይላል” አሉኝ። ካርቶኑን ቀደድኩት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ሥር ሰው ይቀቅላል። ፈጪዋ ብሬከሩን አውርዳ ወንፊት ትቀይራለች፣ እኔ ውጭ የማራገቢያ ሽቦ እቀጥላለሁ። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባባት፤ መፍቻውን እዚያው ትታ ክንዷን አውጥታ ፊቷን ጠረገች። በዚያችው ቅጽበት ማሽላውን ይዞ የቆመ አንድ ሰው ማንሻውን ወደ ላይ አለው። ወፍጮው አገሳ። መፍቻው ተፈናጥሮ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። ሮጬ ገብቼ አወረድኩት። ሰውየው አሁንም ፈገግ ብሎ ነበር። “ወድቆ ነበር፣ አነሳሁላችሁ” አለ።

እሱን ምን ልበለው? የጮህኩት ሐጂ ላይ ነው፤ በሰው ፊት፣ ሽበታቸውን እንኳ ሳላከብር። እሳቸውም ደንግጠው “አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነች” አሉ። ያ ቃል ከሁሉ በላይ አበገነኝ። ምንም ስላልሆነች ምንም አይደረግም ማለት ነው። ፈጪዋ ግን መዳፏን ገልብጣ ገልብጣ አየችና የተበሳውን ቆርቆሮ አየች።

በማግስቱ ጠዋት አሮጌ ጓጉንቸር ቁልፍ ይዛ መጣች። መክፈቻውን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

“ከየት አመጣሽው?” አልኳት።

“ከቤት። ከበሩ ላይ።”

“ቤትሽስ?”

“ቤት ውስጥ ድስት ነው ያለው” አለች። “ድስት ይገዛል።”

ብሬከሩን አወረደች፣ የፓኔሉን በር ገጥማ ቆለፈች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ሐጂ ገቡ። ዓይናቸው ቁልፉ ላይ እንዳረፈ ፊታቸው ጠቆረ። “ማነው ደግሞ ሌባው?” ብለው ወደ እኔ ዞሩ። መልሴን ከወራት በፊት አዘጋጅቼው ነበር፤ አፌን ከፈትኩ።

ከኋላቸው ቁልፉ ተንቃጨለ። በቆሎ የያዘች አንዲት እናት በትዕግሥት የፓኔሉን በር ትስባለች፤ ልትረዳን ነው። ሐጂ ዞረው የእናትየውን እጅ አዩ፤ ከዚያ ወፍጮው ውስጥ የገባውን ክንድ አዩ።

“ተቆልፏል፣ እናቴ” አሉ። “ሰው አለበት።”

እኔም ያዘጋጀሁትን ሳልናገር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ፈጪዋ ሥራዋን ጨርሳ ወጣች፣ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ጓጉንቸሩን ከፈተች፣ ብሬከሩን በራሷ እጅ አነሳች። ቤቷ ያለ ጓጉንቸር እንደተከፈተ ዋለ።