የመጋዘኑ ችሎትና የሚሸሸው ሻምፒዮን

ሰባተኛው ዙር ላይ በሩ ተበረገደ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቡሬ፣ ሐጂ ከእህል መደብራቸው ጀርባ ባሰናዷት ዲሽ ቤት ተቀምጠን የቦክስ ድጋሚ እናያለን። ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ውጤቱን የሰማ ሰው ስላልነበረ ድጋሚው ለእኛ አዲስ ነው። ሻምፒዮኑ አንዱን ምስኪን ጥግ አስይዞ ይወቅጠዋል። እኔ «ኧረ ይኼስ ነውር ነው! ወንዱ ተጋጣሚ በር ላይ ቆሞ እየጠራው እሱ ያረጀ እየመረጠ ይጋጠማል?» እያልሁ እጮሃለሁ። ሐጂ ሻምፒዮኑን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት። «ዝም በል፣ አንተ ባጃጅ!» ይሉኛል። ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገቡ። «ማን ፈቅዶላችሁ ነው የተሰበሰባችሁት?» አለ የፊተኛው። ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ተነሣ። የእኔ ምላስ ግን አያርፍም። «ዙሩ እስኪያልቅ እንኳ ታገሡን» አልሁ። የተመለሰልኝ መልስ በአፍ አልነበረም። ጆሮዬ ጭው እያለ ወደ ውጭ ሲገፉኝ ቴሌቪዥኑ ከኋላዬ እየጮኸ ቀረ።

ሌሎቹን አምሽተው ለቀቋቸው። ሐጂን ቤቱ የእሳቸው ስለሆነ፣ እኔን በምላሴ የተነሣ አስቀሩን። በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰዱን። ባጃጄ ዲሽ ቤቱ በር ላይ እንደቆመች ናት። ሚስቴ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። እናቷ ያለችው ሽንዲ ነው፣ መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። መኪናው ላይ ሆኜ ሌላ ነገር አላሰብሁም። ምጥ ቢመጣባት ማን ያደርሳታል? የሰፈሩን ነፍሰ ጡር ሁሉ ጤና ጣቢያ ሳደርስ የኖርሁት እኔ ነኝ።

ያሰሩን የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ቀትር ላይ ራስ ያፈላል። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። የበቆሎ ብናኝና የሽንት ጀሪካን ሽታ ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ሐጂ ገና እንደገቡ ጎንበስ ብለው ከወለሉ ብናኝ አነሡ፣ በጣታቸው ፈተጉት፣ አሸተቱት። «ሳይደርቅ ነው ያስገቡት» አሉ። «ነቀዙ ከዚያ ነው የመጣ።» እውነትም ነቀዙ በየሰው ልብስ ላይ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ሳቅ ይመጣል? እኔ ግን መጣብኝ።

ሳቄን አልወደዱልኝም። «ያንተ ምላስ ነው እዚህ ያመጣን» አሉኝ።

«ያንቱ ዲሽ ነው እንጂ!»

ከዚያ በኋላ ስለ ምግብም ስለ መኝታም አንነጋገርም። ከቤታቸው ስንቅ ሲመጣላቸው ድርሻዬን በሌላ ሰው እጅ ይልኩልኛል። የምንነጋገር ስለ ሻምፒዮኑ ብቻ ነው፤ እሱንም እየጮህን። ምሳ ተበልቶ ፀሐይዋ በመስኮቷ ስትገባ እንጀምራለን። መጋዘኑ ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዱ በዕድሜው ቦክስ አይቶ አያውቅም፤ ግን ወገን ይዟል። ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ሰው የተደባደበ መስሏቸው በር ከፍተው አይተውናል።

አንድ ቀን ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚቀመጡ የቋሪት ገበሬ ተነሡ። ልጃቸው የት እንዳለ ተጠይቀው ነው የታሰሩት። «እናንተ ካወቃችሁስ ብትነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር» ብለው መልሰዋል አሉ። አባባ ነው የምንላቸው።

«ምነው ልጆቼ» አሉ። «ሁለት ሰው ባንድ አፍ ይናገራል? ነገር ካላችሁ በወጉ ተሟገቱ። እኔ እሰማችኋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ መጋዘኑ ውስጥ ችሎት ተቋቋመ። አባባ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ሐጂንና እኔን ፊት ለፊት አቆሙን። ጋቢ ስላልነበረኝ ከሰው ተውሼ እንዳጣፋ አደረጉኝ። አንዱ ሲናገር ሌላው አይተነፍስም። ዋስ ጥሩ አሉን፤ ጠራን። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ።

«ይህ ቀበቶ የምትሉት የማን ነው?»

«የሻምፒዮኑ» አሉ ሐጂ።

«በምን አገኘው?»

«ያለፈውን ባለቀበቶ ጥሎ።»

«አሁንስ የሚጠይቀው አለ?»

«አለ እንጂ!» አልሁ እኔ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ግጠመኝ እያለው ነው።»

«ቀርቦ መልስ አልሰጠም?»

«አልሰጠም።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። የርስት ሙግት አድርገው እንደያዙት ገባኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቦክስ ማስረዳት አላስፈለገም።

ሐጂ ሲሟገቱ ነጋዴ ናቸው። «አባባ፣ ይህ ሰው ቀበቶውን በደሙ ነው የገዛው። ከማን ጋር እንደምገበያይ የምመርጥ እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ቆሞ የጮኸብኝ ሁሉ ና ቢለኝ መደብሬን ዘግቼ ልወጣ ነው? ደግሞ አንድ ቀን ተሸንፎ አያውቅም!»

«አለመሸነፍማ ምን ችግር አለው» አልሁ። «እኔም በቦክስ ተሸንፌ አላውቅም። ገጥሜ ስለማላውቅ ነዋ!» መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ልቤን አሳበጠውና ጨመርሁበት። «ያንቱ ሻምፒዮን ነጋዴ ነው። ወንድ አይደለም። የሚያተርፍበትን ብቻ ነው የሚገጥመው።»

ሐጂ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቆመው ቀሩ። አባባ አዩአቸው፣ እኔንም አዩኝ፣ ፍርዱን ለነገ ቀጠሩ። «እንዲያው ሕጉን ልንገራችሁ» አሉ። «በእኛ አገር ባላጋራው ፊት ለፊት ያልቆመበት ነገር አይቆረጥም። ሰው በሌለበት የሚከስሰውን ጥራውና ፊቱ ተናገር ነው የምንለው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች።»

በዚያው ቀን፣ ገና ፀሐይዋ ከግድግዳው ሳትወርድ፣ ተጠራሁ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ከእኔ ሳያንስ አይቀርም። አልተቆጣኝም። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ከታሰርሁ ወዲህ ሻይ አልቀመስሁም፤ ጠጣሁት።

«ሚስትህ ልትወልድ ነው አይደል?» አለኝ።

ብርጭቆውን አስቀመጥሁ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ አንተን የሚፈልግህ የለም። ያ ቤት ለቦክስ እንዳልነበረ እናውቃለን። ቦክሱ ሽፋን ነው። ሰው የሚሰበስበው፣ የሚመክረው ሽማግሌው ነው። ይህችን ብቻ መስክር፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«ሐጂ?» አልሁ።

«ምን አስደነገጠህ? እንደማትዋደዱ እናውቃለን። ጠባቂዎቹ በየቀኑ ስትጣሉ ይሰማሉ። ዛሬ እንኳ ዋስ አስጠርተህ ከስሰኸው የለም?»

ወይ ጉድ! ይህ ሰው ሙግትን ጠብ አድርጎ ነው የያዘው። ስለ ሻምፒዮን የተጯጯኸ ሰው ሁሉ ደመኛ ነው? ግን ልስቅ ብል አልቻልሁም። እውነቱን ልናገር፣ ቤቴ ታየኝ። ሚስቴ ወገቧን ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ ታየችኝ። አንዲት ቃል ናት፤ ካፌ ብትወጣ ማታ እዚያ ነኝ። ሐጂን ደግሞ ከዚህ ወዴት እንደሚወስዷቸው ማን ያውቃል። ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን ቤተሰብ ነው የሚያመጣላቸው። ሩቅ ከወሰዷቸው አይመለሱም። ሁለቱንም አውቃለሁ።  አባባ ባልዲያቸው ላይ ተቀምጠው ታዩኝ።

«ይጥሩልኝ» አልሁት።

«ማንን?»

«ሐጂን። እዚህ ፊት ለፊቴ ይቁሙ። ያለኝን ሁሉ ፊታቸው እናገራለሁ።»

«አያስፈልግም። ለእኔ ንገረኝ።»

«እንግዲያው ፍርድ ቤት አቅርቡን። ዳኛ ፊት፣ እሳቸው በዚያ እኔ በዚህ ቆመን እናገራለሁ።»

«ጊዜው አይደለም።»

«ጊዜው መቼ ነው?»

 ዓይኔን ማየት ተወና ብርጭቆውን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ሂድና አስብበት» አለኝ።

«አስቤ ነው የተናገርሁት» አልሁ።  ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁ።

በረንዳው ላይ ሐጂን ይዘዋቸው ሲመጡ ተገናኘን። ጠባቂው መካከላችን ገባ። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። 

መጋዘን ገብቼ ተቀመጥሁ። እሳቸውንም ስለ እኔ ይህንኑ ሊጠይቋቸው እንደሆነ ገባኝ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ምን አላቸው ከእኔ ጋር? በምላሴ ታሰሩ፣ በምላሴ ሰው ሁሉ ፊት ነጋዴ እንጂ ወንድ አይደለም ተብለው ተሳቀባቸው። ሻምፒዮኑን ነው ያልሁት፤ ግን ለማን እንደተወረወረ ሁላችንም አውቀናል። አሁን አንዲት ቃል ቢናገሩ ሚስታቸው ዘንድ ይገባሉ። የሚወለደው ልጄ እኔን ሳያውቀኝ ሲያድግ ታየኝ። አባባ አንድ ጊዜ አይተውኝ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። እጄ ላይ ይዤው ቀረሁ።

ሐጂ ተመለሱ። ቆባቸው ተስተካክሎ ተደፍቷል። ቦታቸው ሄደው ይቀመጣሉ ስል ቀጥ ብለው መጡና ባልዲው ፊት፣ ቀትር ላይ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸውን አጣፉ።

«አባባ፣ ችሎቱን ይክፈቱልኝ።»

«ቀጠሮው ለነገ ነው እኮ።»

«ለነገ አላሳድረውም።»

አባባ ወደ ባልዲያቸው ሄደው ተቀመጡ። እኔንም በእጃቸው ጠቀሱኝ፤ ተነሥቼ ፊት ለፊት ቆምሁ። 

«ተረትቻለሁ» አሉ ሐጂ።

 ሐጂ በሕይወታቸው ተረትቻለሁ ያሉ ሰው አይደሉም፤ መላው ቡሬ ያውቃቸዋል።

«ይህ ልጅ እውነቱን ነው» አሉ። «ዛሬ ሻምፒዮኑን ራሱን አየሁት። ሻይ ሰጠኝ። በዚህ ልጅ ላይ ተናገር አለኝ። ጥራው፣ ፊቴ አቁመው፣ እናገራለሁ አልሁት። አይሆንም አለ። ዳኛ ጋ ውሰደን አልሁት። ጊዜው አይደለም አለ። ለካ ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠም ይሸሻል! የማይገጥም ሻምፒዮን፣ ሻምፒዮን አይደለም። ተረትቻለሁ።»

እኔ ምን እንዳልሁ አልነገርኋቸውም ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ያው ቃል ነው ከሁለታችንም የወጣው። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ተጠጋሁና ጉልበታቸውን ልስም ጎነበስሁ፤ ትከሻዬን ይዘው አቃኑኝ። «ተው፣ አንተ ባጃጅ» አሉኝ። «ነቀዙን ታሸክመኛለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ቆጠራ ነበር። መርማሪው ከጠባቂዎቹ ጋር በር ላይ ቆሟል። ስም ሲጠራ «አቤት» ነው የሚባል። ሐጂ ተጠሩ። «አቤት። ፍርድ ቤት አቅርቡን» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። እኔ ተጠራሁ። «አቤት። ፍርድ ቤት አቅርቡን።» የሚጠራው ሰው ቀና ብሎ አየንና ቀጠለ። ሦስተኛው አባባ ነበሩ። ባልዲያቸው ላይ እጃቸውን ተደግፈው ተነሡና ያንኑ አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ አልተቋረጠም። ቀጥሎ ባለው ጠዋትም፣ ከዚያም በኋላ፣ በየቀኑ። መርማሪው ቆጠራ ላይ መምጣት ተወ።

ፍርድ ቤት የሚባል ሳናይ ቀረን። አንድ ቀን ጠዋት «ዕቃችሁን ያዙ» ተባልንና ተለቀቅን፤ በቃ። ልጄ ተወልዳ ሳምንታት አልፈዋታል። ሚስቴን ጤና ጣቢያ ያደረሳት የሐጂ ልጅ ነው፤ በእኔው ባጃጅ። መንዳት አይችልም ነበር፤ የባጃጇን ጎን አጥር ላይ ፍቆ አመጣት። ቁስሏን እስካሁን አላስቀባሁትም። አባባን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። የቋሪት ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ።

ዲሽ ቤቱ ተከፍቷል። ሻምፒዮኑ አሁንም ያንን ግጠመኝ የሚለውን ልጅ አልገጠመውም፤ ሐጂም ወደ ጥንቱ ጠበቃነታቸው ተመልሰዋል። «ተረትቻለሁ ብለው አልነበር?» ስላቸው፣ «እሱ መጋዘን ውስጥ ነው። ይግባኝ ብያለሁ» ይሉኛል። እንጯጯሃለን።

በቀደም አንዱ ደንበኛ ወሬ ይዞ መጣ። ያ መርማሪ ከሥራው ተነሥቶ እዚሁ ቡሬ መጥቷል፣ ገበያ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አይቸዋለሁ አለ። ቤቱ ተንጫጫ። አንዱ ፈሪ አለው፣ አንዱ ሌላ ስም አወጣለት። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ሐጂ ተነሡና የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፉ።

«ጥሩትና ፊቱ ተናገሩ» አሉ።

 ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ የምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ላይ የአንድ ሰው ቦታ እተዋለሁ። የምነግረው አለኝ፤ አንድም ቃል አልረሳሁም። ይምጣ፤ ሻዩ በእኔ ነው።