የሜሮን መነጽር

ፀሐይነሽ የበደለችኝ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በአንድ ማክሰኞ የሴቶች ጸሎት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ልጇን በደልኩ። የእሷን በደል አርባ የሚሆኑ ሴቶች በጆሯቸው ሰምተዋል። የእኔን ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባት የለኝም። ከኦርቶዶክስ ወጥቼ ጴንጤ ከሆንኩ ጀምሮ ኃጢአትሽን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ንገሪ እየተባልኩ ኖሬያለሁ። ነገርኩት። አልቀለለኝም። ስለዚህ ማንም ሁኑ፣ ለምታነቡት ለእናንተ እጽፋለሁ።

የእሷን አስቀድማለሁ። የራሴን ለማቅለል አይደለም። ወይስ ነው? እናንተው ፍረዱ።

ጉባኤያችን እዚህ ጀርመን በኪራይ አዳራሽ ነው የሚያመልከው፤ እሑድ ጀርመኖቹ ሲወጡ እኛ እንገባለን። የማክሰኞውን የሴቶች ጸሎት ዘጠኝ ዓመት የመራሁት እኔ ነበርኩ። ፀሐይነሽ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሰኛለች። ቦናመስ በሚባል ሰፈር በአንድ ሕንጻ ነበር የምንኖረው፤ እኔ ብቻዬን ስድስተኛ ፎቅ፣ እሷ ከባሏና ከአንድ ልጇ ጋር አራተኛ ፎቅ። ወዳጄ ነበረች። ወዳጄ ስለሆነች አንድ ቀን ለእሷ ብቻ ነገርኳት። ወደዚህ አገር ስመጣ የአራት ዓመት ልጄን ደሴ ለእህቴ ትቻት ነው የመጣሁት። ስድስት ወር ብዬ ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ተስተካክሎ ላመጣት ስሄድ ልጄ እህቴን እማዬ፣ እኔን እትዬ አለችኝ። አልሄድም አለች። አሁንም እዚያው ናት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ የጸሎት ርዕስ ያላችሁ ስል፣ ፀሐይነሽ ተነሣች።

«ስም አልጠራም» አለች። «ከመካከላችን ልጇን ጥላ የመጣች እናት አለች። ልጇ እስከ ዛሬ ፊቷን አዙራባታለች። እንጸልይላት።»

እውነትም ስሜን አልጠራችም። እጇን ግን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

አርባ ሴት ዓይኗን ጨፍና አለቀሰችልኝ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ። ምን ልል እችል ነበር? አምታኝ ቢሆን እጣላታለሁ። የጸለየልኝን ሰው በምን እከሳለሁ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝና «እትዬ አስካለ፣ ትንሽ ይረፉ፤ ሸክም በዝቶብዎታል» አሉኝ። መሪነቱን ፀሐይነሽ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ሰላም ሲሉኝ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው፤ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ። ግብዣ ላይ ልጅ ያላቸው ስለ ልጅ ሲያወሩ እኔን ሲያዩ ወሬ ይቀይራሉ። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሊፍት ውስጥ ከፀሐይነሽ ጋር ስንገናኝ ስለ አየሩ እናወራለን። እኔ ቂሜን አላሳይም። ዝምታዬን ሰው ሁሉ ትሕትና ይለዋል።

አሁን ወደ እኔ እመጣለሁ።

ጡረታ እስክወጣ አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁት ኡንተርሊደርባህ አጠገብ ባሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የዕቃ ማከፋፈያ ክፍል ነው። በጀርመንኛ ላገር ይሉታል። ለሠራተኛው ጓንት፣ ጫማና መከላከያ መነጽር የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ስለ መከላከያ መነጽር ጠንቅቄ አውቃለሁ። መጀመሪያ በጠርዙ ላይ የተቀረጸ ፊደል ይፈለጋል፤ ፊደል የሌለው ጌጥ ነው። ኤፍ የሚለው ቀላል ምት ይችላል፣ ቢ የሚለው ጠንከር ያለውን። ዙሪያውን ከፊት ጋር መግጠም አለበት፤ በጎን ጣት ካስገባ ሌላም ያስገባል። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ሳይሆን ከኋላ በላስቲክ የሚያዝ ይሻላል። ወንፊት የመሰለውን የሽቦ መነጽር አልወደውም፤ የተሰበረ ነገር ፍርፋሪ ያሳልፋል። ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ፀሐይነሽና ልጇ ሜሮን በሬን አንኳኩ። ሜሮን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሪድበርግ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ስለ ድንጋይና ስለ አፈር ትማር ነበር። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ኤርሶፍት የሚባል ጨዋታ ጀምራለች፤ እውነተኛ በሚመስል ጠመንጃ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት እየተኮሱ በቡድን የሚሳደዱበት ነው። ሁለት መነጽር በኢንተርኔት አዝዛ አንዱን ልትመልስ ነው። ጨዋታው ቅዳሜ ነው።

«እትዬ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» አለች ፀሐይነሽ። «የቱ ይሻላል? ይህች ልጅ ጦርነት ልትዘምትብኝ ነው።»

«ማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጨዋታ ካማረሽ ቁጭ ብለሽ ካርታ ተጫወቺ።»

ሜሮን ሳቀችና ወደ እኔ ዞረች። «ታንቴ አስካለ፣ አንቺ የቱን ትመርጪያለሽ?» ታንቴ በጀርመንኛ አክስት ማለት ነው።

«እርስዎ በይ እንጂ! እኩያሽ ናት?» አለች እናቷ።

«ኦኬ፣ እርስዎ» አለችና አቀፈችኝ። ይህች ልጅ ሁልጊዜ ታቅፈኝ ነበር። እኔን ሲያይ አንገቱን ዘንበል የማያደርግ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ይህንንም እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

አንዱ መነጽር ወፍራም ነው፤ ፊትን ዙሪያውን ይይዛል፣ ላስቲክ አለው፣ ጠርዙ ላይ ቢ ተቀርጾበታል። ሜሮን ስታደርገው በትንፋሿ ጭጋግ ለበሰ። «እንቁራሪት መሰልኩ» አለች። ሌላው ቀጭን፣ ጥቁር፣ የሚያምር ነው። ካርቶኑ ላይ ወታደር ተሥሎበታል። ጠርዙን ሁለት ጊዜ በጣቴ ዳሰስኩት። ምንም ፊደል የለበትም።

ለስድስት ዓመት ለራሴ የነገርኩት ታሪክ እዚህ ላይ አጭር ነበር፤ ልጅቷ ቀጭኑን ወደደች፣ እኔ ዝም አልኩ የሚል። ዝም ማለት ምን ወንጀል አለው? አሁን ስጽፍም እዚሁ ላቆም አስቤ ነበር። ግን ዝም አላልኩም። ፀሐይነሽ እንዲያውም «በቃ ወፍራሙን ውሰጂ» ብላ ጨርሳ ነበር። ሜሮንም ከንፈሯን ጥላ እሺ ልትል ነበር። እኔ አንድ ቃል ባልናገር ኖሮ ልጅቷ ዛሬ በሁለት ዓይኗ ታይ ነበር።

በመሀል ፀሐይነሽ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። «እትዬ፣ የልጅሽን ነገር እስከ ዛሬ በጸሎት ይዤዋለሁ እኮ» አለች፤ ሜሮን ፊት። ሜሮን ቀና ብላ አየችኝ። አንገቷ ዘንበል አለ።

እኔም ተናገርኩ። «ቀጭኑ ይበቃል» አልኩ። «ወፍራሙ ለፋብሪካ ነው። ጭጋግ ከያዘው አታይም፤ ሳታይ ስትሮጥ ነው የምትጎዳው።»

ድምፄ የላገሩ ድምፅ ነበር። የተረጋጋ፣ የባለሙያ። ጭጋጉ እውነት ነው፤ በዚያው እውነት ነው የዋሸሁት። ፀሐይነሽ ወዲያው አመነች። ለምን አታምን? በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ሥራዋ የነበረ ሰው ከተናገረ ማን ካርቶን ያነባል? ማን ይጠይቃል? ጀርመን ብትሆን ኖሮ ተቀምጣ መመሪያውን ታነብ ነበር። እሷ እጄን ሳመችኝ።

ዓይኗ እንዲጠፋ ፈልጌ ነበር? አልፈለግሁም። ታዲያ ምን ፈለግሁ? ፀሐይነሽ አንድ ቀን እንድትደነግጥ። ስለ ልጇ ሰዎች ሲያዝኑላት ምን እንደሚመስል እንድትቀምሰው። ትንሽ ነገር፣ የበለዘ ጉንጭ፣ ሁለት ቀን የሚያስለቅስ። ጥፋት በልክ የሚታዘዝ መስሎኝ ነበር። ዓርብ ሙሉ ቀን ነበረኝ። ሁለት ፎቅ መውረድ ብቻ ነበር። ወርጄ ተሳስቻለሁ ማለት፤ ሌላ ምንም። ሜሮን ወፍራሙን መነጽር ልትመልስ ጥቅሉን ይዛ ወደ ፖስታ ቤት ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ቀና ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት።

ቅዳሜ ጥይቱ መነጽሩን ሰበረው፤ ስባሪው ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በዚያ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ሰው አትለይም። ሆስፒታል ሄጄ ከፀሐይነሽ ጋር አምሽቻለሁ። ፀሐይነሽ ጭኔ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ጀርባዋን አሻሸሁ። የፈለግሁትን አገኘሁ። ደስ አለኝ? አላለኝም። ግን ሙሉ በሙሉ አዝኜም ነበር አልልም፤ እውነቱን ልናገር ከሆነ የተቀመጥኩት።

ከወር በኋላ ፀሐይነሽ እሑድ ለምስክርነት ወደ መድረክ ወጣች። «ሰይጣን ሁለቱንም ዓይን ሊወስድ መጥቶ ነበር» አለች፤ «ጌታ ግን አንዱን አስቀረልኝ።» «እትዬ አስካለም መነጽሩን መርጣ ባታደርግላት ኖሮ፣ ያለ ምንም ብትሄድ ኖሮ፣ ሁለቱም ሄዶ ነበር።» አዳራሹ በሙሉ ሃሌሉያ አለ። ሰዎች ዞረው አዩኝ። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንገት ሳይዘነብል ታየሁ። ያኔ መነሣት ነበረብኝ። ተነሣሁም፤ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ሃሌሉያ ለማለት። ፀሐይነሽ ልጇን ታስታምም ተብሎ የማክሰኞው መሪነት ወደ እኔ ሲመለስም እንቢ አላልኩም።

ባለፈው ዓመት ሜሮን ብቻዋን መጣች። አሁን ትልቅ ሴት ናት። በግራ በኩል ያለውን ለማየት ሙሉ ጭንቅላቷን ታዞራለች። ጨዋታውን አልተወችም፤ አዲስ ለሚጀምሩት ምን ዓይነት መነጽር እንደሚገዙ የምታስረዳው እሷ ናት።

«መጀመሪያ ፊደሉን እዩ ነው የምላቸው» አለችኝ። ሻይዋን ትንሽ አማሰለች። «ታንቴ አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ ፊደሉን ያውቁት ነበር?»

በቁጣ አልጠየቀችኝም። ልትከሰኝም አልነበረም። አውቅ ነበር ብላት የምትሰማኝ ይመስለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ በር ተከፍቶልኝ አያውቅም።

«በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ፊደል አልነበረም፣ ልጄ» አልኳት።

ዞራ በቀኝ ዓይኗ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። «አህ ዞ» አለች፤ እንደ ጀርመኖቹ፣ ለካ እንደዚያ ነው ለማለት። ሻይዋን አልጨረሰችም። ብርጭቆዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው መልሳ ወጣች። አላቀፈችኝም።

ይቅርታ አልጠይቅም። ከማን እጠይቃለሁ? ከእናንተ? እናንተ ዓይናችሁ አልጠፋም። ፀሐይነሽ በድላኛለች፤ ያ አይፋቅም። ሜሮን ግን ምንም አላደረገችኝም።

ሜሮን በመጣች በሳምንቱ መሪነቱን በጽሑፍ ለቀቅሁ። ቦናመስ ያለውን ቤቴን ለአከራዩ መልሼ ኡንተርሊደርባህ ገባሁ። ለፀሐይነሽ የነገርኳት ሊፍቱ እየተበላሸ ጉልበቴን ጨረሰኝ ብዬ ነው። አዲሱ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም።